ቁና የደፋው አምላክ፣ 16 ክንድ የሞላው ዓባይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ይገናኛሉ፤ እስክንድርያ። ሮማውያን ግብፅን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ከያዙ በኋላ፣ ለዚያች አገር ብቻ የሚያገለግል ገንዘብ እዚያው ያሳትሙ ነበር። ጽሑፉ ግሪክኛ፣ ንጉሡ የሮም፣ ጀርባው ላይ የሚታዩት አማልክትና እንስሳት ደግሞ በብዛት የግብፅ ናቸው። ከታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንቆጥር «በእኛ» እንላለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አጎቴ ትቶልኝ በሄደው ዕቃ ውስጥ አንድ ወፍራም ሳንቲም አገኘሁ። በአንድ ፊቱ የንጉሥ ራስ አለ፤ በሌላው ጺማም ሰውዬ አናቱ ላይ ቅርጫት የመሰለ ነገር ጭኖ ይታያል። ከጎኑ እንደ እንግሊዝኛው «ኤል» ያለ ምልክትና ሌላ ፊደል አለ። 50 ማለት ነው? ዕድሜውንስ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ 50 አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሮማውያን ቁጥር ይመስላላ። ምልክቱ የግብፅ ጸሐፍት ፓፒረስ ላይም «ዓመት» ለማለት የሚጭሩት አጭር ምልክት ነው። አጠገቡ ያለው ፊደል ንጉሡ በነገሠ በስንተኛው ዓመት እንደታተመ ይናገራል።

ግሪኮች ፊደላቸውን ለቁጥርም ይጠቀሙበት ነበር። የግዕዝ ቁጥሮችም ከዚያው ስለመጡ፣ ግሪክኛ ባይማሩም ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ፩ አልፋ ናት፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ፣ ፬ ዴልታ፣ ፭ ኤፕሲሎን፣ ፮ ስቲግማ፣ ፯ ዜታ፣ ፰ ኤታ፣ ፱ ቴታ፤ ከዚያ ፲ ዮታ፣ ፳ ካፓ፣ ፴ ላምዳ። አደራደሩም ያው ነው፤ ፲፪ን ለመጻፍ ዮታና ቤታን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። የግዕዝ ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ደርድረው፣ ሳንቲሙን ከአንድ ወገን ብቻ በሚመጣ ብርሃን እያዩ ያመሳክሩ። ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ከወረደ ያለቀው ፊደል ጨርሶ አይታይም፤ በጎን ሲመጣ ግን የፊደሉ ጠርዝ ጥላ ይጥላል።

ሦስት ቦታ ላይ ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ምልክቱና ቁጥሩ ምስሉን መሀል አድርገው አንዱ ግራ ሌላው ቀኝ ይቀመጣሉ፤ አንዱን ብቻ አይተው «ቀን የለውም» አይበሉ። ሁለተኛ፣ የአልፋ መሀል ሰረዝ ከተፋቀ ላምዳ ይመስላል፤ 1ኛው ዓመት 30ኛ ሆኖ ይነበባል። 30 ዓመት የቆጠሩት ደግሞ አውግስጦስና ኮሞዶስ ብቻ ስለሆኑ ሌላ ንጉሥ ላይ «30» ካነበቡ ተሳስተዋል ማለት ነው። ኮሞዶስም ቢሆን ያን ያህል አልገዛም፤ የአባቱን የማርቆስ አውሬልዮስን ዓመት ቀጥሎ ስለቆጠረ ነው 33 የደረሰው። ሦስተኛ፣ 9ኛውን ዓመት ብዙ ጊዜ በፊደል ቁጥር ሳይሆን «ዘጠነኛ» ብለው በቃል ይጽፉታል፤ ከምልክቱ ቀጥሎ አራት አምስት ፊደል ካዩ አይደናገጡ።

አሁን ዓመቱን ወደ ዘመን እንቀይር። እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ከአውሮፓ ሰብሳቢ ይቀልለዋል። የአውሮፓ መዝገቦች አንድ ሳንቲም ላይ «138/139» ብለው ሁለት ዓመት ይጽፋሉ፤ ምክንያቱም የእስክንድርያ ዓመት የሚጀምረው በዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 29 ነው። ያ ቀን መስከረም 1 ነው። የእስክንድርያ ዘመን አቆጣጠር፣ 12 ወር በ30 ቀንና ጳጉሜን 5 ወይም 6፣ እኛ ዛሬም የምንቆጥርበት ነው። ስለዚህ በሳንቲሙ ላይ ያለው አንድ ዓመት በእኛ ከአንድ ዓመት ጋር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ልክ ይገጥማል።

ለየንጉሡ አንድ ቁጥር ይያዙና ሳንቲሙ ላይ ያለውን ዓመት ይደምሩበት፤ ዓ.ም. በእኛ ይወጣልዎታል። ለኔሮን 46፣ ለድምጥያኖስ 73፣ ለትራያኖስ 89፣ ለሐድርያኖስ 108፣ ለአንቶኒኖስ ፒዮስ 129፣ ለኮሞዶስ 152፣ ለጋሊየኖስ 245፣ ለዲዮቅልጥያኖስ 276። የፒዮስ 2ኛ ዓመት እንግዲህ 131 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻዋን 276 የቤተ ክርስቲያን ቀመር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለያታል፤ ዓመተ ሰማዕታትን ከዓመተ ምሕረት ለማግኘት የምንቀንሳት ቁጥር ናት። አጋጣሚ አይደለም። ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥና ስለሆነ፣ በሱ ሳንቲም ላይ ፪ የሚል ካገኙ 2 ዓመተ ሰማዕታት ብለው ቢያነቡት ልክ ነው።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። ንጉሡ መቼም ይንገሥ፣ መስከረም 1 ሲጠባ 2ኛ ዓመቱ ይገባል። ሐድርያኖስ የነገሠው በ117 ነሐሴ 18 ነው፤ 1ኛ ዓመቱ ጳጉሜን 5 ላይ በ18 ቀን አለቀ። የሐድርያኖስ 1ኛ ዓመት ሳንቲም ጥቂት የሆነው በዚህ ነው።

ጺማሙ ሰውዬ ሴራፒስ ነው። አናቱ ላይ ያለው ቅርጫት ሳይሆን የእህል መስፈሪያ ነው፤ በእኛ ቁና ብንለው አንሳሳትም። የእህልና የምድር በረከት አምላክ ስለሆነ መስፈሪያውን እንደ ዘውድ ደፍቷል። ከሮማውያን በፊት ግብፅን የገዙት ግሪካውያን ነገሥታት፣ የመጀመሪያዎቹ ፕቶሎሚዎች፣ ግሪኩንም ግብፃዊውንም እንዲያስማማ ያቆሙት አምላክ ነው፤ ታላቁ ቤተ ጣዖቱ በፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ዘመን በ391 ገደማ ፈረሰ። ከሌሎች ጺማሞች ለመለየት አናቱን ይዩ። ቁና ከሆነ ሴራፒስ፣ የበግ ቀንድ ካለው አሞን፣ የቄጠማ ጉንጉን አድርጎ ትከሻው አጠገብ ፍሬ የሞላ ቀንድ ካለ ኒሉስ፣ ማለትም ዓባይ ነው። ቁና ደፍቶ ጺም ከሌለውና የዘንባባ ዝንጣፊ ካለ ደግሞ ሄርማኑቢስ ነው።

በመጨረሻ ይመዝኑት። የብር ድብልቁ ትልቁ ሳንቲም፣ ቴትራድራክም የሚባለው፣ በ1ኛውና በ2ኛው ክፍለ ዘመን 12 እና 13 ግራም ገደማ ነበር። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን 7 ወይም 8 ግራም ሆኖ፣ ስፋቱም ወደ 18 እና 20 ሚሊ ሜትር አንሶ ወፍራም ሆኗል። «ወፍራም» ያሉት ወደ መጨረሻው ሳይጠጋ አይቀርም።

ከባሕር ዳር፦ አንድ የሳንቲም ሥዕል ላይ የተጋደመ ሽማግሌ፣ ከሥሩ አዞ፣ ከላዩ ደግሞ ሁለት ፊደል አየሁ። ዓባይ ነው አሉኝ። ፊደሎቹ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ዮታና ስቲግማ ከሆኑ ፲፮ ነው፤ 16 ክንድ። ቀን አይደለም። የዓመቱ ምልክት ያለው ቁጥር ሌላ ቦታ አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ እያነበቡ ንጉሡን ያለ ዕድሜው የሚያነግሡት ብዙ ናቸው። የዓመት ምልክቱን ፈልገው ከሱ ጋር የተጣመረውን ብቻ ለዘመን ይውሰዱ።

16 ክንድ የውኃው ልክ ነው። በግብፅ ሙላቱን በመለኪያ ደረጃዎች ይሰፍሩት ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው፣ 12 ክንድ ሲሆን ረኃብ ነው፣ 13 ላይ ገና ይራባሉ፣ 14 ደስታ፣ 15 እፎይታ፣ 16 ተድላ። የግብፅ ክንድ 52 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለነበር፣ 16 ክንድ ወደ 8 ሜትር ተኩል ይጠጋል። በቫቲካን ያለው የተጋደመው ዓባይ ሐውልት ላይም 16 ሕፃናት ይንጠላጠሉበታል፤ እያንዳንዱ አንድ ክንድ ነው።

ያ ሙላት ከየት እንደሚመጣ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያሻም። የደጋው ክረምት በጥቁር ዓባይና በተከዜ ወርዶ ግብፅ የሚደርሰው በበጋዋ መጨረሻ ነው፤ ሙላቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ አዲሱ ዓመት ይገባል። ሳንቲሙን የቀረጹት ሰዎች ሽማግሌውን ሸንበቆ አስይዘው፣ አዞ ወይም ጉማሬ ሥሩ አስተኝተው፣ ፍሬ የሞላ ቀንድ አሳቅፈው ሣሉት። አጠገቡ የእህል ዛላ የያዘች ሴት ካለች ሚስቱ ኤውቴኒያ ናት፤ ጥጋብ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ፣ የነገረ መለኮት ተማሪ፦ ኢሲስ የምትባለው ጣዖት በሳንቲም ላይ የያዘችው ነገር ጸናጽል ይመስላል። ነው? ደግሞስ እባቡና ራስ ያለው ማሰሮ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ነው። በእጇ የሚንቀጫቀጨው መሣሪያ ካህናቱ ማኅሌት ላይ ከሚይዙት ጸናጽል ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እጀታ፣ የታጠፈ ክፈፍ፣ በመሀል የሚያልፉ ዘንጎች። በተለይ «ኢሲስ ፋርያ» የምትባለውን ይፈልጉ። በሁለት እጇ ነፋስ የነፋውን ሸራ ወጥራ፣ አንዳንዴም በእግሯ ረግጣ ይዛ ወደ ፊት ትራመዳለች፤ የመርከበኞች ጠባቂ ነበረች። ከፊቷ ግንብ ካለ የፋሮስ መብራት ቤት ነው። ሳንቲሙ ካላለቀ የግንቡ በር፣ በማዕዘኖቹ ቀንድ የሚነፉ የባሕር አማልክት (ትሪቶኖች)፣ ጫፉ ላይም ሐውልት ይለያሉ። ግንቡ ዛሬ ስለሌለ፣ የሕንፃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከነዚህ ጥቃቅን ሥዕሎች ብዙ ይለቅማሉ።

እባቦቹ ሁለት ናቸው፤ አይቀላቅሏቸው። አጋቶዴሞን፣ «መልካም መንፈስ»፣ ረጅምና የተጠማዘዘ ሆኖ የላይኛውንና የታችኛውን ግብፅ ድርብ ዘውድ የደፋ ነው፤ የእስክንድርያ ጠባቂ ነበር። ሌላው አንገቱን የነፋው እባብ ነው፤ አናቱ ላይ ክብ ፀሐይ ወይም ቀንድ ይኖረዋል፤ እሱ ከኢሲስ ወገን ነው። ኔሮን በ3ኛ ዓመቱ (49 ዓ.ም. በእኛ) እባቡን አሥሎ ራሱን «አዲሱ አጋቶዴሞን» አሰኝቷል። ከሱ የማይጠበቅ አይደለም።

ማሰሮው የሬሳ ሆድ ዕቃ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው የሚሉ ሻጮች አሉ፤ ስሕተት ነው። የኢሲስ ባል ኦሲሪስ በማሰሮ አምሳል ነው፤ የሚወክለውም የዓባይን ቅዱስ ውኃ ነው። አምልኮው ከእስክንድርያ በስተ ምሥራቅ በካኖፖስ ከተማ ስለነበር «ካኖፖስ» የሚለው የማሰሮው ስም ከዚያ ተወሰደ።

ጣቱን አፉ ላይ ያደረገው ሕፃን ሃርፖክራቴስ ነው። ግሪኮች «ዝም በሉ» ይላል ብለው ተረጎሙት፤ ለግብፃውያን ግን ጣት አፍ ላይ ማድረግ «ሕፃን ነው» ማለት ብቻ ነበር።

ካገኙ ደግሞ የአንቶኒኖስ ፒዮስን 2ኛ ዓመት ፊኒክስ ይመልከቱ፤ ራሱ ዙሪያ ጨረር ያለው ወፍ ሆኖ «አዮን»፣ ዘመን፣ የሚል ተጽፎበታል። የድሮው የግብፅ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 የማትገባበት ስለነበር በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ይንሸራተት ነበር። አዲስ ዓመቱና የሲርየስ ኮከብ መውጣት ዳግመኛ የሚገናኙት በ1460 ዓመት አንዴ ነው፤ በ139 ተገናኙ። ሳንቲሙ የታተመው በዚያው ዓመት ነው።

ከዱባይ፦ በመሳቢያ ያስቀመጥኩት የነሐስ ሳንቲም ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት አወጣ። በሎሚና በአመድ ልፈትገው?

መልስ፦ በፍጹም። ሎሚ ዝገቱን ሲያነሳ ሥዕሉን የያዘውን ሽፋን አብሮ ያነሳዋል፤ ከሥር የሚቀረው ቀይ፣ ራቁቱን የቀረ መዳብ ነው። የብር ድብልቅ ከሆነማ ይብሳል፤ ብሩ በብዛት ያለው ስስ የላይ ሽፋኑ ውስጥ ስለሆነ አንዴ ሲፈተግ ያልቃል፣ አይመለስም።

የገጠመዎት የነሐስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ውስጥ የቀረ የጨው ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ መዳቡን ይበላል፤ የባሕረ ሰላጤው አየር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። መጀመሪያ ያረጋግጡ። በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ጫፍ ነካ ያድርጉት። ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴ ከሆነ የዕድሜ ሽፋን ነው፤ ይተዉት። ዱቄት ሆኖ ተነሥቶ ከሥሩ ጉድጓድ ከተወ ግን በሽታው ነው።

ያንን ሳንቲም ወዲያው ከሌሎቹ ይለዩ። ዱቄቱን በእንጨቱ ጫፍ በማጉያ እያዩ አንሥተው ይጨርሱ፤ መርፌ አይጠቀሙ። ከዚያ በመስታወት ዕቃ ውስጥ የተጣራ ውኃ ሞልተው ይንከሩት፤ ውኃውን በየቀኑ እየለወጡ ቢያንስ አንድ ሳምንት። የቧንቧ ውኃ ራሱ ክሎሪን ስላለው አይሆንም። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም «የባትሪ ውኃ» ስትገዙ ልብ በሉ፦ በዚያው ስም አሲድም ይሸጣል፤ አሲዱ ሳንቲሙን ይጨርሰዋል። ከውኃው ሲያወጡት በንጹሕ አሴቶን አንድ ጊዜ ያጥቡት፤ በየጉድጓዱ የቀረውን ውኃ ይዞ ይወጣል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይተካውም፤ ዘይትና ሽቶ አለው። መስኮት ይክፈቱ፣ እሳት አያስጠጉ።

ከደረቀ በኋላ በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡት፤ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ይሁን። በሁለት ሳምንቱ ይዩት። ዱቄቱ ከተመለሰ የቤት ሥራው አልበቃም ማለት ነው፤ ቀጣዩ የኬሚካል ሕክምና የባለሙያ ነው። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ያላቸውን አልበሞች ደግሞ ይጣሉ፤ ፕላስቲኩ ሲያረጅ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ሳንቲሙ ላይ ይተዋል።

ከነታንያ፦ የምገዛው ሳንቲም ጠርዙ ላይ የተቆረጠ ምልክት አለው። ጓደኛዬ «በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ነው» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ዳታሪ» የሚል ስምና ቁጥር ተጽፏል።

መልስ፦ ለሌላ አገር ሳንቲም ቢሆን ጓደኛዎ ልክ ነበሩ። የእስክንድርያው ግን ይለያል፤ ባዶው ብረት መጀመሪያ በተያያዙ ጉድጓዶች ውስጥ ፈስሶ፣ ተቆራርጦ፣ ከዚያ በማኅተም ይመታ ነበር። ስለዚህ ጠርዙ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ በሁለት ተቃራኒ ጎኖቹም የተቆረጠበት ቅሪት ያለው እውነተኛ ሳንቲም ሞልቷል። ሐሰተኛውን የሚያጋልጠው ሌላ ነው፦ በጠርዙ መሀል ዙሪያውን የሚሄድ ስስ መስመር፣ በ10 እጥፍ ማጉያ የሚታዩ ክብ የአየር ቀዳዳዎች፣ እንደ ሳሙና የሟሙ ፊደሎች።

አንድ ቀላል ፈተናም አለ። የንጉሡን ራስ አቅንተው ይዘው ሳንቲሙን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልብጡት። በእስክንድርያ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውም ቀጥ ብሎ ይመጣል። ተዘቅዝቆ ቢመጣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማጉያውን እንደገና ለማንሣት ግን በቂ ምክንያት ነው። ከዚያ የሮም ግዛቶችን ሳንቲሞች በነፃ በሚያሳየው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ያንኑ ዓይነት ፈልገው ፎቶዎቹን ያስተያዩ። ከአንድ ማኅተም የወጡ ሁለት ሳንቲሞች ሥዕላቸው ይመሳሰላል፤ ጠርዛቸው፣ ጭረታቸውና ጉድጓዳቸው ግን አይመሳሰልም። እነዚህም ከተመሳሰሉ ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው፤ አይግዙ።

ጆቫኒ ዳታሪ ካይሮ ይኖር የነበረ ሰብሳቢ ነው፤ የስብስቡን መዝገብ በ1901 አሳትሟል። ቁጥሩ ያ ዓይነት በመዝገቡ ስንተኛ እንደሆነ ይጠቁማል፤ የእርስዎ ሳንቲም ከዳታሪ እጅ ወጣ ማለት አይደለም፤ ሻጭ እንዲያ ብሎ ዋጋ እንዳይጨምርብዎት። ከቁጥሩ ይልቅ ሳንቲሙ ከግብፅ መቼ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ። የግብፅ ሕግ ቁጥር 117 ከ1983 ጀምሮ የቅርስ ንግድን ከልክሏል፤ ከዚያ ወዲህ ለወጣ ዕቃ «ገበያ ላይ አገኘሁት» ማለት አያድንዎትም።

ከአክሱም፦ በእነዚህ ሳንቲሞች በአክሱም ገበያ ይገበያዩ ነበር?

መልስ፦ የእስክንድርያ ገንዘብ የተሠራው ግብፅ ውስጥ እንዲቀር ነው። ነጋዴ ሲገባ የውጭ ገንዘቡን ይመነዝራል፣ ሲወጣም እንዲሁ። አክሱም በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንዱቢስ የራሷን ስታሳትም የጻፈችው በግሪክኛ ቢሆንም፣ ከላይ ያሳረፈችው ምልክት ጨረቃና ክብ ነበር፤ በዒዛና ዘመን መስቀል ተተካበት። ቁና የደፋ ሴራፒስ ያለበት ሳንቲም «ከአክሱም ተቆፍሮ የወጣ» ነው ብሎ የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ፣ ሳንቲሙ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ታሪኩን አይመኑት።